ለአንድ ክረምት 14 ሺህ ብር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጅማ ውስጥ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ጋዜጣችሁ እጄ የሚገባው አንድ ቀን ዘግይቶ ነው። ፈረንጅ አራዳ ቁርስ የምበላበት ቤት ባለቤቱ አንብቦ ሲጨርስ አጣጥፎ ያስቀምጥልኛል። አንዳንዴ የሽሮ ፍንጣቂ አለበት፤ ይነበባል። ለጋዜጣ ደብዳቤ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ጉዳዩ ቤታችንን ሁለት ወር ያህል ያመሰ ነገር ነው። በሌላ ሰው ቤትም እንዳለ ከተሳፋሪዎቼ ስለሰማሁ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ታናሽ እህቴ ፍሬሽማን የሚሉትን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ጨርሳ ሕክምና ደርሷታል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደችው በ2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለእኔ ቁጥሩ የገባኝ በባጃጅ ሒሳብ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ መቶ ሰው ባሳፍር አምስቱ አለፉ፣ የቀሩት ሒሳብ ከፍለው ወረዱ ማለት ነው። ውጤቷ የመጣ ቀን እማዬ በእልልታ ሰፈሩን ቀሰቀሰችው። ዘንድሮ ሕክምና ደረሳት ሲባል ደግሞ እልልታውን ጀምራ መሃል ላይ አቆመች። ወደ እኔ ጠጋ ብላ "ትችለዋለች?" አለችኝ።

ይህቺን ጥያቄ የሚያውቋት ሰዎች አሉ። ሳምንት አልቆየም፣ እህቴ ስልክ ላይ በቴሌግራም አንድ ማስታወቂያ መጣ። ሕክምና ለደረሳቸው ተማሪዎች የክረምት መሰናዶ ኮርስ። ስምንት ሳምንት። አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ የሕክምና ቃላት። ቦታው አዲስ አበባ። ክፍያው 14 ሺህ ብር፤ ምግብና ማደሪያ ራሳችሁን ቻሉ። ከሥሩ በቀይ "ጓደኞችሽ ጀምረዋል፣ አንቺስ?" ይላል። እውነትም አንዷ ጓደኛዋ ተመዝግባ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ስልኳን ስታይ ታመሻለች። አትናገርም። መብራቱ ብቻ በብርድ ልብሱ ቀዳዳ ይታየኛል።

14 ሺህ ብር እኔ ጋ አለ ማለት ይቻል ነበር። ዕቁብ ሊወጣልኝ ነው። ግን ገንዘቡ የባጃጁ ሞተር ነው። ሞተሩ ዘይት ይበላል። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚሄድ ሰው ሲመጣብኝ አቀበቱን እያሰብኩ "ሌላ ያዝ" እላለሁ። ሁለት ሰው ከጫነ ያለቅሳል። ይህን ለእማዬ ነገርኳት።

"ሞተሩ ይጠብቅሃል፤ ልጅቷን የሚጠብቃት የለም" አለችኝ። "ሳይቃጠል በቅጠል ነው።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባልም አለ" አልኳት።

"ተረት አትተርትብኝ" አለች። የጀመረችው እሷ ነበረች።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ካልተናገርኩ ደብዳቤው እውነት አይሆንም። እኔም አንድ ክረምት ከፍዬ ተምሬያለሁ። የፈተና ማጠናከሪያ ተብሎ ነው። አባታችን በሕይወት ነበር፤ ያለችውን አንዲት ወይፈን ሸጦ ከፈለልኝ። በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ስንሄድ በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። አርባ የምንሆን ልጆች ደብተር ይዘን ዝናብ ላይ ቆምን። ገንዘብ የመለሰልን የለም። ፈተናውን ወደቅኩ። ብዙ ዓመት "የጣሉኝ እነሱ ናቸው" እያልኩ ኖርኩ። ልክ አልነበርኩም። እነሱ እስከ መጨረሻው ቢያስተምሩኝም እወድቅ ነበር፤ ፊዚክስ እንደ ሐምሌ ጭቃ ነው የያዘኝ። ግን ያ ጓጉንቸር ከዓይኔ አልጠፋም። ስለዚህ የእህቴን ማስታወቂያ ሳይ አንዱ ልቤ "ሌቦች ናቸው" ይላል። ሌላው ደግሞ "ክፈልላት፣ አንተ ያልጨረስከውን ትጨርስልህ" ይላል። ሁለቱም ስለ እኔ እንጂ ስለ እሷ አልነበሩም።

ማስታወቂያው ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። በጣም ትሁት ሰው አነሳ።

"አስተማሪዎቹ እነማን ናቸው?" አልኩት።

"ከፍተኛ ልምድ ያላቸው።"

"የየትኛው ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው የምትሰጡት?"

"የሁሉም።"

"እህቴ ፈተናውን ባታልፍስ?"

"እኛ ሰርተፊኬት እንሰጣለን ወንድሜ።"

ይህን ለአንድ ኢንተርን፣ ሆስፒታል ውስጥ ለሚሠራ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ፣ ስነግረው ባጃጁ ውስጥ በሳቅ ሞተ። "ሰርተፊኬቱን ለማን ልታሳየው ነው? ለአስከሬኑ?" አለኝ።

ይህ ኢንተርን ከጠየቅኳቸው አንዱ ነው። የእኔ መሥመር ከሆስፒታሉ ወደ ፈረንጅ አራዳ፣ ከዚያ መርካቶ ነው። ሆስፒታሉና የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ አጠገብ ለአጠገብ ስለሆኑ ነጭ ጋውን ሳላሳፍር የምውልበት ቀን የለም። ታዲያ ለምን ከቴሌግራም እጠይቃለሁ? የሚያውቁት ሰዎች ከኋላዬ ተቀምጠዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጋውን የለበሰ ሰው በገባ ቁጥር "ይቅርታ ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ" ስል ከረምኩ። ከሃያ የማያንሱ ጠይቄያለሁ። የማላስበውን ነው የሰማሁት።

አንዷን አልረሳትም። ዝናቡ ጅማ የምታውቀው ዓይነት ዝናብ ነው፤ የአዌቱ ወንዝ ድልድዩን ሊነካ ደርሷል። የባጃጁን የጎን ላስቲክ አውርጃለሁ፤ በትንፋሻችን ጉም ለብሷል። ሌሊቱን አዳሪ የነበረች ኢንተርን ናት፤ ዓይኗ ቀልቷል። ጥያቄዬን ስትሰማ ሳትመልስልኝ በጣቷ ላስቲኩ ላይ መሳል ጀመረች። አምስት መሥመር ሳለች። ወደ ሦስት አገናኘቻቸው። ሦስቱን ለስድስት ከፈለች። ስድስቱን መልሳ ሦስት አደረገች። ከሦስቱ አምስት አወጣች። ፈረንጅ አራዳ ሳንደርስ ጨረሰችው።

"ከአንገት ተነስቶ ወደ እጅ የሚወርደው የነርቭ መረብ ነው" አለችኝ። "ብራኪያል ፕሌክሰስ ይባላል። አምስት ሥር፣ ሦስት ግንድ፣ ስድስት ክፋይ፣ ሦስት ገመድ፣ አምስት ነርቭ። እኔ ክረምት ላይ ኮርስ ገብቼ ይህን በቃሌ ይዤ ነው ግቢ የሄድኩት።"

"እና ጠቀመሽ?"

"ትምህርት ሲጀመር መጀመሪያ የተማርነው አጥንት ነው። ነርቭ ጋ እስክንደርስ ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። እንደ አዲስ አጠናሁት። አሁን የምስለው ያኛውን አይደለም፣ ይሄኛውን ነው።" ትንሽ ዝም ብላ "ስሙን ስሰማ አልደነገጥኩም። ያቺን ነው የገዛሁት፤ ላለመደንገጥ ነው የከፈልኩት" አለች። ከዚያ ሥዕሉን በጋውኗ እጅጌ ጠረገችና ወረደች። ላስቲኩ ላይ የጣቷ ዱካ እስከ ማታ ነበር።

እኔም ወደ መደምደም ተቃርቤ ነበር፤ አይጠቅምም፣ ሞተሬን ላሠራ። በማግስቱ ከዴዶ ወረዳ የመጣ የሕክምና ተማሪ ገባና አበላሸብኝ።

እሱ ጠቅሞታል። ገንዘብ ግን አልከፈለም። ከወረዳው ቀድመው ሕክምና የገቡ ልጆች ክረምት ሲመጡ አዲሶቹን ሰብስበው ሁለት ሳምንት አስተማሯቸው። "ጋሼ፣ እኔ ማይክሮስኮፕ ያየሁት መጽሐፍ ላይ ነው" አለኝ። "ትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ነበረው። ቁልፉን የያዘው ሰው ግን ተዛውሮ ሄዷል።" ምን አስተማሩህ ብዬ ስጠይቀው አናቶሚ አላለኝም። ስልሳ ስላይድ ሲሰጡህ ሁሉንም ለመሸምደድ አትሞክር፣ መጀመሪያ ያለፈውን ጥያቄ እይ፣ ከዚያ ስላይዱን አንብብ ብለውታል። መምህሩ በእንግሊዝኛ ሲፈጥንብህ ቃሉን እንደሰማኸው ጽፈህ ማታ ፈልገው። ካልገባህ ጠይቅ፤ የሚስቁብህ እነሱም ያልገባቸው ናቸው። "ይህን ባልሰማ የመጀመሪያው ወር ላይ ሻንጣዬን ይዤ ዴዶ ነበርኩ" አለ። አምኜዋለሁ። ይህን ሲል ፊቱን በመስታወት አይቼው ነበር።

ስለዚህ ነገሩ አዎ ወይም አይ የሚባል አልሆነም። ልጁ ከየት ነው የሚመጣው? ምን ጎደለው? የጎደለውን ነገር የሚሰጠው ማነው? ማስታወቂያው ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም። ለጎደለውም ላልጎደለውም 14 ሺህ ነው።

ፀጉራቸው የሸበተ አንድ ሐኪምም አሳፍሬ ነበር። መርካቶ ማር ሊገዙ ነው። ጥያቄዬን ጨርሰው ሳይሰሙ "ትተኛ" አሉኝ።

"ምን አሉኝ?"

"ትተኛ። እስከ መስከረም ትተኛ። እውቀቱ እኛ ጋ ሞልቷል። እንቅልፍ ግን የለንም፤ ይዛ ትምጣ።" ስቀው ወረዱ፤ ዞር ብለው ግን ሳይስቁ "የምሬን ነው" አሉ።

(ሌላ ተሳፋሪ ደግሞ "ለምን ሕክምና? ደመወዛቸውን አታውቅም?" ብሎ ሊያስተምረኝ ሞክሯል። እሱ ሌላ ደብዳቤ ነው፤ ቀለምም አይበቃኝ።)

አሜሪካ ያለች የአጎቴ ልጅ ነርስ ናት። እማዬ "እሷ ትወቀው" ስላለች ደወልን። እዚያ እንዲህ ዓይነት የክረምት መሰናዶ የተለመደ ነው አለች። እማዬ "ሰማህ?" ብላ በክርኗ ጎሸመችኝ። የአጎቴ ልጅ ቀጥላ የተናገረችው ግን ለእኔ ጠቀመኝ። እዚያ ሕክምና ለመግባት በመጀመሪያ አራት ዓመት ኮሌጅ ተምሮ ዲግሪ መያዝ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ከዚያ በኋላ ሥራ ሠርቶ፣ ዓመታት ቆይቶ ነው የሚገባው። ደብተር ከዘጋ የከረመ ሰው ማስታወሻ ያስፈልገዋል። የእኔ እህት ከፈተና ክፍል ከወጣች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ምኗን ነው የሚያስታውሷት? ሁለተኛው ነገር ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስተምረው ራሱ የተቀበላቸው የሕክምና ትምህርት ቤት ነው። በቂ ዝግጅት ሳያገኙ የመጡትን ለይቶ ይጠራቸዋል። ብዙዎቹ ገንዘብ አይጠይቁም፤ እንዲያውም ለኪስ የሚሰጡ አሉ። መስከረም ላይ የሚፈትንህ ሰው ራሱ ነሐሴ ላይ ይጠራሃል ማለት ነው። እኛ ጋ የሚጠራን የማያውቀን ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ስሰበስብ አንድ ሰው ሳልጠይቅ ቀርቼ ነበር። እህቴን።

ማታ ነው፣ መብራት ጠፍቷል። እማዬ ተኝታለች። በረንዳ ላይ ተቀምጠን ዝናቡን እንሰማለን። "አንቺ ግን ትፈልጊያለሽ?" አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

"ጋሼ፣ ኮርሱ ላይ ያለውን እኮ አልፈራውም" አለች። "አናቶሚ ቢከብድም ይነበባል። ፍሬሽማንም ከባድ ነው ብለውኝ ነበር።"

"ታዲያ ምንድን ነው የምትፈሪው?"

"ሬሳ አይቼ አላውቅም።"

ዝናቡ ብቻ ተሰማ።

"አባዬ ሲሞት እንኳ ጎረቤት ወስዳችሁ አስቀመጣችሁኝ። ሁሉም ሰው ገብቶ ሲወጣ በመስኮት ነው ያየሁት። አሁን በመጀመሪያው ወር ካዳቨር ታያላችሁ ይሉናል። ብወድቅስ? ሰው ቢስቅብኝስ? እነሱ ጋ እሱን የሚያስለምድ አለ?"

አልነበረም። ያንን ማስታወቂያ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እሱ አልነበረበትም። ያኔ እሷ ስድስት ዓመቷ ነበር። ጎረቤት ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ኮርሱ እዚያች በረንዳ ላይ አለቀ። አዲስ አበባ አልሄደችም።

እንዲህ ስል ታሪኩ በሰላም ተጠናቀቀ ማለቴ አይደለም። እማዬ አንድ ሳምንት አኩርፋኛለች። ቡናም ቢሆን ከሁሉም በኋላ ነው የምትሰጠኝ። ግን ከእኛ ሁለት ቤት ዝቅ ብላ የምትኖር ሲ ዋን የደረሰች ልጅ አለች። ለማያውቅ፣ ሲ ዋን ማለት መጽሐፉን ጨርሶ በሽተኛ ማየት የጀመረ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ፒሲ ዋን ፒሲ ቱ የሚሉት አለ፤ እህቴ የምትጀምረው እሱን ነው። ልጅቷ ለክረምት ቤቷ ነበረች። ሄጄ ለመንኳት። ገንዘብ ላስቀምጥልሽ ስላት ተቆጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት መምጣት ጀመረች።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ደብተር እንኳ አልከፈቱም። ስለ መጀመሪያው ቀን አወራቻት። አስከሬኑ እንዳይበላሽ የሚደረግበት ፎርማሊን ዓይን ያቃጥላል፤ እንባሽ ሲወርድ ያለቀስሽ ይመስልሻል፣ አላለቀስሽም። አንድ ወንድ ልጅ፣ ያውም የክፍሉ ጉረኛ፣ ወደቀ። ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም የራሱን ጉልበት እያዳመጠ ነበር። መሥራት ከመጀመራቸው በፊት ዝም ብለው ቆመዋል። "ሰውየው መምህርሽ ነው፤ እንደዚያ ካየሽው ፍርሃቱ ቀስ እያለ ይሄዳል። በአንድ ቀን ግን አይሄድም፣ አልዋሽሽም" አለቻት። እኔ ደጅ ጎማ እየቀየርኩ ነበር የሰማሁት። ቡሎኑን ፈትቼ ጨርሼ ቁልፉን ይዤ ቁጭ አልኩ።

በሁለተኛው ቅዳሜ እማዬ ቡና እያፈላች ነው። ቶናው ደርሷል። ልጅቷ እስክሪብቶ አውጥታ የእህቴ የእጅ አንጓ ላይ ክብ ክብ ትስላለች፣ በሁለት መሥመር አራት አራት። የእጅ አንጓ ስምንት አጥንት አለው፤ ሙሉ እጁ ሃያ ሰባት። አንዱ ጀልባ ይመስላል፣ አንዱ ጨረቃ፣ አንዱ አተር እያለች ስሙን ትጠራለች። አውራ ጣቷ ሥር ደርሳ "ትራፔዚየም" ስትል እማዬ ከምድጃው ቀና አለች።

"ጠረጴዛ ነው የምትዪው?"

ሁላችንም ሳቅን። ልጅቷ ግን ስቃ ዝም አላለችም። "እማማ፣ አልተሳሳቱም እኮ" አለች። ትራፔዚየም ከግሪክ የመጣ ስም ነው፤ ትንሽ ጠረጴዛ ማለት ነው። የእኛ ጠረጴዛም ከዚያው ከግሪክ ቃል ነው የመጣው። እማዬ ይህን ስትሰማ የያዘችው ጀበና ላይ ኩራት ፈሰሰ ልበል? ከዚያን ቀን ጀምሮ ለጎረቤት ሁሉ አውራ ጣቷን እያሳየች "እዚህ ጋ ጠረጴዛ አለ" ትላለች። እኔን ይቅር ያለችኝም ያኔ ይመስለኛል። በረካውን መጀመሪያ ለእኔ ሰጠችኝ።

እህቴ ያንን የእስክሪብቶ ሥዕል ሦስት ቀን አላጠበችውም። ስምንቱን ስም አሁንም አልረሳችም። ያቺ ኢንተርን እንደነገረችኝ መስከረም ላይ ትረሳው ይሆናል፤ ይሁን። የሚቀጥለው ጊዜ ስትሰማው የእማዬ ጠረጴዛ ትዝ ይላታል።

አሁን ወደ ልመናዬ። ልመናው ለእናንተም ለዩኒቨርሲቲዎችም ነው።

እኔ ልጅ ሆኜ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በቡድን ሆነው ቤታችን ይመጡ ነበር። ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ? ሽንት ቤት አላችሁ? ልጆቹ ተከትበዋል? እያሉ ይጽፋሉ። እነሱ እማዬን ከሥራ ሲያስፈቷት፣ እሷም ስታበላቸው አስታውሳለሁ። በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ ትምህርት ይባላል፤ ጅማ የምትታወቅበት ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1983 የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲቋቋም የያዘው መንገድ ነው፤ በ1999 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም አልተወውም። ቤት ለቤት ዞሮ የእኛን ሽንት ቤት የቆጠረ ትምህርት ቤት ለራሱ አዲስ ተማሪ አንድ ገጽ ወረቀት ይከብደዋል? ጅማን ብቻ አይደለም የምለው፤ ሕክምና የሚያስተምሩ ሁሉ። መጀመሪያ የምትማሩት ይህ ነው፣ መጽሐፉ ይህ ነው፣ የመጀመሪያው ፈተና በዚህ ሳምንት ነው፣ አስከሬን የምታዩት በዚህ ቀን ነው፣ ስትፈሩ የምታናግሩት ሰው እዚህ ቢሮ አለ። ሰኔ ላይ ይህን ቢለጥፉልን እናቴ እልልታዋን አታቋርጥም ነበር። ከዚያ አልፈው ትምህርት ሊጀመር አሥር ቀን ሲቀረው ከዴዶ እንደመጣው ዓይነት ልጆችን አስቀድመው ቢጠሩ፣ የሚያስተምሯቸውም ቀድመው የገቡት ተማሪዎች ቢሆኑ፣ ያ ልጅ ያገኘውን ሌላውም ያገኘዋል። የወረዳው ልጆች ያለ በጀት አድርገውታል።

የክፍያ ኮርሶቹ ይዘጉ አልልም። ከእነሱ ውስጥ ደህና የሚያስተምር አይጠፋም፤ ገንዘቡ ያለውና ልጁ የፈለገ ይክፈል። ግን ከመክፈላችሁ በፊት ማን እንደሚያስተምር በስም ጠይቁ። "የሁሉም ዩኒቨርሲቲ" ካሏችሁ ስልኩን ዝጉት። ገንዘቡንም በአንዴ አትስጡ፤ ጓጉንቸሩን የማውቀው እኔ ነኝ። ጋዜጣችሁም እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ሲያወጣ ከጎኑ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አናግሮ ቢያስነብበን ምን ይጎድልበታል?

ዕቁቡ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ወጣልኝ፤ ሞተሩ ተሠርቷል። አሁን ጅሬን የሚል ሰው ሲመጣ "ግባ" እላለሁ።

ባለፈው ሐሙስ እህቴን ከመርካቶ ይዣት ስመለስ አንዲት ኢንተርን አስቁማኝ ከጎኗ ተቀመጠች። እህቴ ፍሬሽማንን ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ እጇን ሳታወጣ ነው የጨረሰችው፤ ራሷ ነግራኛለች። ዝም ብዬ እነዳለሁ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላዬ "ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?" ሲል የእሷን ድምፅ ሰማሁ። ስለ ካዳቨር ነው። ልጅቷ መመለስ ጀመረች። ሆስፒታሉ በር ደረስን። አላቆምኩም፤ አልፌ በታች በኩል ዞርኩ። ልጅቷም ልብ አላለችም። ሒሳብ አልጨመርኩባትም።

ባጃጅ ነጂው ወንድም
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ይታወቃል)
ጅማ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.